ከመንደሩ ዳር ያለው ቀጥቃጭ

ውድ አስረስ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ጀመረ። «ነገ እደፍነዋለሁ» ስትለው የኖርኸው የበረንዳው ጥግ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም እዚያው መዝከረት ባትያ መንገድ ላይ ካለው ችግኝ ጣቢያ ነው፤ አሁን የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ ወደሚለይበት ወስደውኛል፤ ከወገብ ማጎንበሱ ቀርቶልኛል። ልብስህን ለሰው ሰጠሁ። የብየዳ ጓንትህን ግን ልሰጥ አልቻልሁም። ጣቶቹ እንደታጠፉ ደርቀው አንድ ነገር የጨበጡ ይመስላሉ።

ይህን የምጽፍልህ ያስገባኸኝን ቃል ምክንያት አድርጌ ነው። ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት፣ ወደ ክፋር ማርሞሬክ በሚወስደው መንገድ ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ለማረፍ ከአንድ አጥር ሥር ተቀመጥን። ያን ጊዜ እጄን ይዘህ ስለ አባትህ ሥራ ለሺራ እንዳልነግራት ለመንኸኝ። «ገበሬ ነበር ብያታለሁ፤ ገበሬ ሆኖ ይቅር» አልኸኝ። እሺ አልሁህ። የታመመ ሰው ሲለምን ሌላ ምን ይባላል? ያንን ቃል ጠብቄ ለመኖር አስቤ ነበር። ከዚያ አንድ ጨዋታ መጣብኝ።

ሺራ ከሠራዊት ስትወጣ የገዛችውን ጥቁር የጨዋታ ሳጥን ታውቀዋለህ። አንተ እያለህ «ድምፁን ቀንሺው» ከማለት በቀር አልተናገርኸውም። ካንተ ወዲህ ግን ልጅቷ ከሥራ ትመጣለች፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ትቀምሳለች፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ከበሩ ወዲህ ሆኜ የሰይፍ ድምፅ፣ የፈረስ ኮቴ፣ የማላውቀው አገር ዘፈን እሰማለሁ። አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች። በሐዘን ቤት ብቻውን የሚስቅ ሰው ያስፈራል። እኔም ጠረጠርሁ፤ ይህ ነገር ልጄን ከእጄ እየወሰዳት ነው ብዬ።

እትዬ ዘውዲቱ እንደ ወትሮው ሰንበት ሲወጣ እየመጡ ይጠይቁናል። እሳቸውም እንደኔ ከበሩ ጆሯቸውን ለጥፈው ሰሙና፣ «ልጅቷን ለክፏታል፤ ቄሱን ጥሪ» አሉኝ። «ቄሱ መጥተው ምን ያድርጉ፣ ገመዱን ይንቀሉት?» አልኋቸው። ተቆጡ። እህትህን ታውቃቸው የለ፤ ሲቆጡ ሻርፓቸውን ሁለቴ ይጠመጥማሉ።

እኔ ቄስ አልጠራሁም። የማላውቀውን ነገር ገብቼ ካላየሁት አላምንም። ፊደልንስ ቢሆን ማን አስተማረኝ? ከቤተሰቤ ጋር አዲስ አበባ ሆነን ወደዚህ መምጫችንን ስንጠብቅ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ አይደል የተማርሁት? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኩቼ ገባሁና «እስቲ አሳዪኝ» አልኋት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ አልጋዋ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

መጀመሪያ ፊት ምረጪ ተባልሁ። ስሜን ሳይጠይቁ ስለ አፍንጫዬ ይጠይቁኛል። ቀጥሎ ዘርሽን ምረጪ አለኝ። ጆሮው የረዘመ አለ፤ አጭርና ጢማም አለ፤ እንደ እንሽላሊት ያለ አለ። «ሰው ዘሩን መርጦ ያውቃል እንዴ?» ብላት፣ «እያንዳንዱ ዘር የሚወደድበትና የሚጠላበት ቦታ አለው፤ አስበሽ ምረጪ» አለችኝ። «ይኸንንስ ያለ ጨዋታም አውቀዋለሁ» አልኋት። ፀጉሯ ሸበት ያለ፣ ወገበ ሰፊ ሴት አድርጌ ሠራኋት። ሺራ እኔን እናቷን ጠርታ ጮኸች፤ «ኢማ! ሃያ ዓመት መሆን ትችያለሽ እኮ!» ሃያ ዓመት ሆኜ አውቃለሁ፤ ብዙም አልጠቀመኝ።

ገና መንገድ ስጀምር ጢሙ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተነሥቶ «ስጠብቅሽ ኖሬያለሁ፤ የተመረጥሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። እዚህ አገር ምርጫ በመጣ ቁጥር እንዲህ እያለ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው አይተናል፤ ምርጫው ሲያልፍ ደግሞ አያውቀንም። ሽማግሌው ሰይፍ ሰጠኝ። በነጻ። ይኸንንም ጠረጠርሁ። ሰይፉን ተቀብዬ ሳላመሰግን ሄድሁ፤ ሺራ «ምስጋና የሚባል ቁልፍ የለም» ብላ አጽናናችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አገሩ ያምራል። ተራራ ላይ ወጥተህ ስታይ ዓይንህ እስከደረሰበት ሣርና ውኃ ነው፤ ነፋሱም ሣሩን ሲያስተኛው ይታያል። ግን ስንዴው ሲወዛወዝ የሚያርስ ሰው አይታይም። የቤቶቹ በር አይቆለፍም፤ ጠረጴዛ ላይ ዳቦና ሥጋ ተቀምጧል፤ ገብተህ ብትወስድ ማንም አይናገርህም። እንዲህ ያለ አገር ምን ደብቆ ነው? እኔ ከማንም ቤት አልወሰድሁም። ሥጋ ደግሞ ማን እንዳረደው፣ ማን እንደባረከው ሳላውቅ አልበላም። ሴትዮዬ ፖምና ጎመን ብቻ እየበላች ትጓዛለች፤ ጉልበቷ በየአቀበቱ ያልቃል። ሺራ «ኢማ፣ ሥጋ የሞላ ከረጢት ተሸክመሽ በረሃብ ልትሞቺ ነው» ትለኛለች። ሥጋውን ከረጢቱ ውስጥ የከተተችብኝም ራሷ ናት፣ እኔ ዘወር ስል።

ሌላው የምጠረጥረው ትርጉሙን ነው። ጨዋታው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው። ሺራ ወደ ዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ ሲሆንላት ደግሞ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ። አንድ ሰው ረጅም ነገር ተናግሮ ሲጨርስ እሷ «ደህና ዋልሽ ወይ ይልሻል» ትላለች። ይህን የማውቀው ከሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ ሲያበቃ ወደ እኛ ዞራ «ትንሽ ቆይቶ ይሻለዋል ይላል» ስትለን፣ አንተ ራስህን ነቀነቅህ፤ እኔ የሐኪሙን ፊት አየሁ። የሐኪም ዕብራይስጥ ባይገባኝ ፊቱ ይገባኛል። የቀረውን እሷ ለብቻዋ ተሸክማው ነበር። እና አሁንም ስትተረጉምልኝ የሚያወራውን ሰው ፊት አያለሁ። የጨዋታ ሰዎች ፊት ግን ብዙ አይናገርም፤ ይህም ሌላ ጥርጣሬ ሆነብኝ።

ከሰነበትን በኋላ ወደ አንድ መንደር ልንገባ ስንል መንገድ ላይ ሽፍቶች ገጠሙን። መቆጣጠሪያውን፣ ሻላት የሚሉትን፣ ለሺራ ወረወርሁላትና ዓይኔን ሸፈንሁ። ስገልጠው አንዱ ሞቶ ወድቋል። ኪሱ ውስጥ የምንፈልገው ቁልፍ አለ፤ እሱን ከነካሁት በኋላ ነው የሚገኘው። ነካሁት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንዝ ወረድሁና ሴትዮዋን እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ አስገባኋት።

«ኢማ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ከዚህ ወንዝ ምንም አይገኝም።»

«ሬሳ ነክታለች።»

«ማን?»

«እኔ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። ከቀብርህ ስንመለስ እኔና እህትህ ከመግባታችን በፊት የታጠብነውን አስታውሳ መሰለኝ። እኔም ነገርኋት፤ በእኛ አገር ሬሳ የነካ ሰው ታጥቦም ቢሆን ወዲያው ከሰው አይቀላቀልም፤ ቀኑ እስኪሞላ ከመንደር ውጭ ይቆያል፤ ምግቡንም እዚያው ያቀብሉታል አልኋት። «ስለዚህ መንደሩ አልገባም» አልኋት። «ኢማ፣ ሚሲማው መንደሩ ውስጥ ነው እኮ» አለች፤ ተልእኮው ማለቷ ነው። «ይጠብቀኝ» አልሁ። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ እንጠብቅ» ብላ ትራሱን ደገፍ አለች። እንዲህ ጎን ለጎን ከተቀመጥን ቆይተን ነበር።

ከመንደሩ ውጭ ስዞር ነው ጭስ ያየሁት። ከሌሎቹ ቤቶች ተለይቶ፣ ከዳገቱ ሥር፣ አንድ ጎጆ ብቻውን ቆሟል። ደጃፉ ላይ ወናፍ፣ ከሰል፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ። ጥቀርሻ የለበሰ ሰው ብረት ይመታል። ቀጥቃጭ ነው። እጁን ከፍ አድርጎ ሲያወርድ ያለው ነገር፣ አስረስ፣ የአንተን ትከሻ አሳየኝ። ይህ ሰው «የተመረጥሽ ነሽ» አላለኝም። ሰይፌን አየና «ስለቱ ተበልቷል» አለ፤ ሳለልኝ። ጭድ አነጠፈልኝ፤ ሴትዮዬ በጨዋታው አቆጣጠር ቀኗ እስኪሞላ እዚያ አረፈች። ተነሥቶ ውኃ ሊያመጣ ሲሄድ ግራ እግሩን ያነክሳል። በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ ያልጠረጠርሁት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መንደሩ ገባን። የመንደሩ አለቃ ወፍራም፣ እጁን የሚያሻሽ ሰው ነው። ሰዎቹ ከበቡን። በጎች ጠፉ፣ ልጆች ታመሙ አሉን። ከዳገቱ ሥር ያለው ቀጥቃጭ ሲመሽ ተኩላ ይሆናል፤ አንድ እረኛ ተኩላውን እግሩ ላይ በቀስት ወግቶታል፤ ሲነጋ ቀጥቃጩ ሲያነክስ ታየ። ግደሊውና ወርቅ እንሰጥሻለን አሉኝ።

ሺራ ይህን ያለ አንዳች መዝለል ተረጎመችልኝ። ይህን ግን በዘለለችው ብዬ ተመኘሁ።

መልስ እንድመርጥ ተጻፈ። «እሺ»፣ «ቆይቼ»፣ «ስንት ትከፍላላችሁ»። «ውሸታችሁን ነው» የሚለውን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ይህን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች እኛን አያውቁንም፤ ከእኛ ጎረቤቶችም ጋር አልኖሩም። ታዲያ ይህን ወሬ ከየት ሰሙት? ወይስ በየአገሩ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ላይ የሚወራው አንድ ነው? ይህ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

መልሶቹን ደጋግሜ ስገላብጥ ሺራ፣ «ያላ ኢማ፣ ግልጽ ነው እኮ። ሁሉም እሱ ነው ይላሉ። ሲያነክስም በዓይንሽ አይተሻል» አለችኝ። ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ ካላመንሽ አንግደለው። ሲመሽ ደጃፉ ተደብቀን እንይ። ልናረጋግጥ ብቻ ነው» አለች።

ልጅህ ናት፣ አስረስ። ክፋት የላትም። ግን ከአፏ የወጣው አንተ ከዚያ አጥር ሥር የነገርኸኝ ነገር ነው። ወደ አባትህም የመጡት ሰዎች መጀመሪያ ዱላ አልያዙም ነበር ብለኸኛል። «ልናረጋግጥ ብቻ ነው» ብለው ነው የመጡት።

ሻላቱን ፍራሹ ላይ አስቀመጥሁት። እና ነገርኋት።

የአባትህ ሥራ ብረት ነበር አልኋት። ለዚያ አገር ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እሱ ነበር። ቀን ማረሻውን ይወስዱለታል፤ ማታ ልጆቻቸውን «ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ይበላችኋል» እያሉ ያስፈራሩበታል። የጎረቤት ልጅ ታመመና «በላው» ተባለ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ጅብን እግሩን በጦር ወጋሁ አለ። ሲነጋ መጡ። «ሱሪህን ወደ ላይ ሰብስብ፣ እግርህን እንይ፤ ልናረጋግጥ ብቻ ነው።» አባትህ ሰበሰበ። ንጹሕ ሰው ስለሆነ ሰበሰበ። ቅልጥሙ ላይ የፍም ቃጠሎ ነበረበት፤ የትኛው ቀጥቃጭ ነው የሌለበት? ወናፉን በቢላ ተረተሩት። ቤቱን ለኮሱት። አንተ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነህ፤ ከእናትህ ጀርባ ሆነህ አየህ። ከዚያ ወዲያ ከቦታ ቦታ ስትሄዱ ኖራችሁ፤ በመጨረሻም ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ ወጣችሁ፤ አባትህም እዚያው መንገድ ላይ ሞቶ ቀረ።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ማያው ላይ የመንደሩ ሰዎች ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ፤ አለቃው እጁን ያሻሻል።

«አባ ገበሬ ነበር ነው ያለኝ» አለች።

«አንገትሽን ቀና አድርገሽ እንድትሄጂ ብሎ ነው።»

ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ ልጻፍልህ፤ ማወቅ አለብህ። «ልጅ ሆኜ ስለ አያቴ ስጠይቀው ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ሁልጊዜ። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ታሪክ አምጡ ሲሉን ባዶ ወረቀት ይዤ ሄድሁ። የሰለቸው እኔን መስሎኝ ነበር» አለች። የአያቷን ስም መታወቂያዋ ላይ ይዛ ትዞራለች፤ ሥራውን ግን አታውቅም ነበር። አንተ አሳፍራታለሁ ብለህ ሸሸህ፤ እሷ ግን የምትሸሸው እሷን መስሏት አደገች። ይህን ብታውቅ ኖሮ ያን ቃል አታስገባኝም ነበር ብዬ አስባለሁ። ማሰብ ነው እንጂ ልጠይቅህ አልችልም።

ከዚያ ሻላቱን አነሣችና ሰጠችኝ። «ምን እናድርግ?» አለች። «እንሂድ» አልኋት። መልስ ሳልመርጥ፣ ሰዎቹን በቆሙበት ትቼ፣ ሴትዮዋን ከመንደሩ አስወጣኋት። ሺራ እንዳለችው ይህ ተልእኮ አልተፈጸመም ተብሎ ከማያው ጥግ ተጽፎ ይኖራል። ይኑር። ሌላውን ሁሉ የምጠረጥር ሴት ነኝ፤ ታውቀኛለህ፣ የሱቅ እንቁላል እንኳ ብርሃን ላይ ሳላይ አልገዛም። ያንን ሰው ግን ሲመሽ ምን እንደሚሆን ሄጄ አላይም። ንጹሕ ቢሆን እንኳ ደጃፉ ላይ ተደብቄ መጠበቄ ብቻ እሱን ለመበደል ይበቃል። ሺራ ብቻዋን ሄዳ አይታ ይሆን ብዬ አንዳንዴ እጠረጥራለሁ። አልጠይቃትም።

አሁንም እንጫወታለን፤ የክፍሏ በር ክፍት ነው። ሽማግሌውን አሁንም አላምነውም። ብረት መንገድ ላይ ካገኘሁ ለቀጥቃጩ እወስድለታለሁ።

ባለፈው ሰንበት ሲወጣ እትዬ ዘውዲቱ መጡ። ሺራ ገና ሳይቀመጡ፣ «እትዬ፣ አያቴ ቀጥቃጭ ነበር?» አለቻቸው። እህትህ እኔን አዩኝ፤ እንዴት ያለ አስተያየት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ሻርፓቸውን አንዴ ጠመጠሙ። ሁለተኛውን ግን ተዉት። ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔ አሁን ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ሁለተኛም አይመጡም ብዬ ጠበቅሁ።

«ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርሁ» አሉ።

ሁለት ትራስ ከሶፋው ሳቡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አንዱን ሲጫኑ አንዱን ያነሣሉ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፋቸው «ፉ… ፉ…» ይላሉ። ሺራ ከጎናቸው ተቀምጣ ሌላ ሁለት ትራስ አነሣችና ትከተላቸው ጀመር። «ቀስ! እሳቱን አታስደንግጪው» አሏት። «ይኸ የከተማ ልጅ እጅ! ወንድሜ እንኳ ካንቺ ይሻል ነበር፤ እሱም ሰነፍ ነበር።» ሰነፍ እንደነበርህ አላውቅም ነበር። ሺራ በሳቅ ስትፈርስ እህትህም ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ እጃቸው ግን ወናፉን አላቆመም። አባታቸው ብረቱ ሲቀላ ምን ብሎ ያንጎራጉር እንደነበር፣ ማረሻ ሲያወጣ እንዴት ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደሚያየው፣ ሁሉን ነገሯት። እኔም የማላውቀውን ሰማሁ።

ቃልህን አፍርሻለሁ፣ አስረስ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያንን ሳቅ ብትሰማ አንተም አትፈልገውም። የተዝካርህ ቀን ሲደርስ ሺራ ራሷ ቆማ ልትናገር ጠይቃኛለች፤ እሺ ብያታለሁ። የቀጥቃጭ ልጅ፣ እጁ ከአባቱ የተማረ ሰው ነበር ትላለች፤ የሚያጉረመርም ካለ ያጉረምርም፤ እኔና እህትህ ከጎኗ እንቆማለን። እኔም በሕይወት እስካለሁ ድረስ አስታውስሃለሁ፤ የነገርኸኝን ብቻ ሳይሆን ተነሥተህ የወጣህባቸውን ጊዜያት ሁሉ፣ በሩ ላይ እንደቆምህ፣ ጀርባህን እንደሰጠኸን። ከእንግዲህ ለምን እንደወጣህ ልጅህም ታውቃለች።

ይታይሽ